ደኅንነት ልትማር ነው? ከማን ዘንድ?

የአክስቴ ልጅ ዜናውን ለእናቱ የነገራቸው ደብረ ማርቆስ ላይ፣ ቡና እየተቀዳ ሳለ ነው። «እማየ፣ ማስተርስ ልማር ነው። ዓለም አቀፍ ደኅንነት።»

አክስቴ ጀበናውን ማቶቱ ላይ መለሱት። «ደኅንነት? አንተ ልጅ፣ ደኅንነት ልትሆን ነው?»

እኛ ሳቅን። እሳቸው አልሳቁም። በዚህ ጊዜ ጎጃም ውስጥ ያንን ቃል ጮክ ብሎ የሚናገር ሰው ብዙም የለም። ልጁ ሰላይነት እንዳልሆነ፣ የጥናት ዘርፍ እንደሆነ ሊያስረዳ ሞከረ። አልሆነለትም። ትንሽ ከተንተባተበ በኋላ «ጋሼ፣ እስኪ አንተ ንገራት» ብሎ ወደ እኔ ወረወረው።

እኔም በዘርፉ የተማርኩ ነኝ፤ ቀላል መስሎኝ ጀመርኩ። ከሁለት ዓረፍተ ነገር በኋላ እኔም ቆምኩ። የአክስቴ ጥያቄ የዋህ ጥያቄ አልነበረም። ምን እንደሚማር እኮ ልጁም በውል አላወቀውም።

ፈረንጅ «ሴኩሪቲ» ብሎ በአንድ ቃል የሚጠራውን እኛ በአንድ ቃል አንጠራውም። ኒው ዮርክ ያለውን «የጸጥታ ምክር ቤት» እንላለን። ስለ እህል ሲሆን «የምግብ ዋስትና» ይሆናል። ስለ ስለላ ሲሆን ደግሞ አክስቴን ያስደነገጠው «ደኅንነት» ይመጣል። ባንክ በር ላይ ቆሞ የሚፈትሸን ሰውዬ ራሱ «ሴኩሪቲ» ነው። አማርኛችን ያለያየውን የዩኒቨርሲቲዎቹ ማስታወቂያ በአንድ ስም ጠቅልሎ ያቀርበዋል። ፕሮግራም ለመምረጥ የመጀመሪያው ሥራ ጥቅሉን መፍታት ነው። ይህ ፕሮግራም የሚያስተምረው ጸጥታን ነው? ደኅንነትን? ዋስትናን? ወይስ ሰላምን?

ልጁ እጁ ላይ ሦስት ሐሳብ ነበረው። አንደኛው ለንደን፣ ኪንግስ ኮሌጅ። ተቀብለውታል፤ ገንዘብ ግን አልሰጡትም። ሁለተኛው ግላስጎው የሚመራው፣ ደብሊንንና ፕራግን የሚያዞረው፣ የአውሮፓ ኅብረት ስኮላርሺፕ ያለው የኢራስመስ ሙንዱስ ማስተርስ፤ ስሙ ራሱ ደኅንነት፣ ስለላና ስትራቴጂ ይላል። ሦስተኛው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው የሰላምና ደኅንነት ጥናት ኢንስቲትዩት። ሦስቱንም በአንድ ሚዛን ላይ አስቀምጦ «የቱ ይሻላል?» ይለኛል። ጤፍን፣ በቅሎንና ሬዲዮን የቱ ይሻላል እንደማለት ነው።

አራቱ ቤቶች

የጸጥታው ቤት ዕድሜ ጠገብ ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ማግስት፣ በ1919 (ዓመቶቹን በፈረንጆች ነው የምጽፈው፤ የእኛን ስጠቅስ ዓ.ም. እላለሁ) ዌልስ ውስጥ አበሪስትዊዝ ላይ የመጀመሪያው የዓለም አቀፍ ፖለቲካ ትምህርት ክፍል ተከፈተ። ጥያቄው ያንን የመሰለ እልቂት እንዳይደገም ምን ይደረግ የሚል ነበር። የለንደኑ ኪንግስ ኮሌጅ የጦርነት ጥናት ክፍል በ1960ዎቹ መጀመሪያ በታሪክ ተመራማሪው በማይክል ሃዋርድ እጅ ቆመ። እዚያ ስትማር የምታነበው ስለ መንግሥታት፣ ስለ ጦር ኃይልና ስለ ስትራቴጂ ነው። ታሪክ የማይወድ ሰው እዚያ ይሰቃያል።

የሰላሙ ቤት ሌላ ነው። ኖርዌያዊው ዮሃን ጋልቱንግ በ1959 ኦስሎ ላይ የሰላም ምርምር ተቋሙን ሲያቋቁም ጥያቄውን ገለበጠው። የጦርነት አለመኖር ብቻውን ሰላም ነው ወይ? ሰው ጥይት ሳይተኮስበት በረሃብና በበደል ቢሞትስ? ብራድፎርድ በ1973 ጦርነትን በሚቃወሙት ክርስቲያኖች በኩዌከሮች ድጋፍ የሰላም ጥናት ክፍል የከፈተው በዚሁ መንፈስ ነው። የስዊድኑ ኡፕሳላ ደግሞ ነገሩን ወደ ቁጥር ወሰደው። ዓለም ሁሉ የሚጠቅሰው የግጭት መረጃ ቋት እዚያ ነው ያለው። መንግሥት ከአንድ ወገን ሆኖ በሚደረግ ውጊያ በዓመት ቢያንስ 25 ሰው ከሞተ «የትጥቅ ግጭት» ተብሎ ይመዘገባል። 1,000 ከደረሰ «ጦርነት» ይባላል።

እዚህ ላይ ቆም ልበል። ከጎጃም ለሚሄድ ልጅ ይህ ተራ የሥነ ዘዴ ጉዳይ አይደለም። የምታውቀው ቀበሌ፣ ምናልባት የምታውቀው ሰው ለቅሶ፣ በሰንጠረዥ ላይ አንድ መስመር ሆኖ ታገኘዋለህ። ቀኑ፣ ቦታው፣ ዝቅተኛው ግምት፣ ከፍተኛው ግምት። አንዳንዱ ሰው ይህን ሲያይ «በቃ፣ የእኛም ነገር ተመዘገበ» ብሎ ይጽናናል፤ ይበልጥም ይሠራል። ሌላው ኮምፒዩተሩን ዘግቶ ይወጣል። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ግን ራስህን ቀድመህ ብታውቅ ጥሩ ነው። ኡፕሳላ የሚሄድ ሰው ስታትስቲክስ አይቀርለትምና።

የዋስትናው ቤት ታናሹ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም በ1994 ባወጣው የሰብአዊ ልማት ሪፖርት «የሰው ደኅንነት» የሚለውን ሐሳብ አደባባይ አወጣው። ሰባት ነገር ዘረዘረ፤ ኢኮኖሚ፣ ምግብ፣ ጤና፣ አካባቢ፣ የግል ደኅንነት፣ የማኅበረሰብና የፖለቲካ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ፕሮግራሞች «ደኅንነትና ልማት» የሚል ስም ለጥፈዋል። የረድኤት ድርጅት ውስጥ ለሚሠራ ሰው ይኼኛው ይስማማል።

አራተኛው ያ አክስቴን ያስደነገጣቸው ነው፤ ስለላና ሽብርተኝነት። ወጣቱ የሚማረክበትም እሱ ነው፤ ስሙ ፊልም ፊልም ይሸታል። እኔ ግን አንድ ነገር እላለሁ። እንግሊዝም አሜሪካም የስለላ መሥሪያ ቤታቸውን የሚከፍቱት ለዜጋቸው ነው። አብሮህ የሚማረው ፈረንጅ ተመርቆ እዚያ ሊቀጠር ይችላል። አንተ ያንኑ ኮርስ ወስደህ፣ ያንኑ ውጤት አምጥተህ በሩ ዝግ ነው። ትምህርቱ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። የግላስጎው ዓይነቱን ፕሮግራም ለስትራቴጂው ክፍል ብለህ ብትመርጠው፣ ሁለትና ሦስት አገር ማየቱም ተጨምሮ፣ ጥሩ ነው። ለስለላው ብለህ ከሆነ ግን ለማን ልትሰልል ነው?

ይህን ለልጁ ስነግረው አክስቴ «ተመስገን» አሉ።

ሁለተኛው የአክስቴ ጥያቄ

ቡናው ሦስተኛው ላይ ሲደርስ አክስቴ ሌላ ጥያቄ አመጡ። «ታዲያ ከማን ዘንድ ነው የምትማረው?»

ልጁ «ለንደን» አለ።

«አገሩን አልጠየቅሁህም። መምህሩ ማነው?»

አባታቸው ቅኔ ያደረሱ ሰው ነበሩ። ጎጃም ውስጥ እንደዚህ ያለ ጥያቄ የት እንደሚወለድ ግልጽ ነው። የቆሎ ተማሪ ስልቻውን አንግቶ ሲነሳ ሕንፃ ፍለጋ አይደለም የሚሄደው። ለቅኔ ዋሸራ ወይም ጎንጅ ይወርዳል፤ ለድጓ ቤተልሔም፣ ለዝማሬ መዋሥዕት ዙር አባ ይሻገራል። እያንዳንዱ ትምህርት የራሱ ቤት አለው። በቤቱ ደግሞ የኔታ አሉ። የኔታ ካረፉ ወይም ቦታ ከለወጡ ተማሪውም ይከተላል፣ ወይም ሌላ ይፈልጋል። «የዋሸራ ተማሪ ነኝ» ማለት ብቻ አይበቃም፤ ከማን እንደተማረ ይጠየቃል።

የዘመኑ ተማሪ ይህንን ረስቶታል። ደረጃ የሚያወጡ ድረ ገጾችን ከፍቶ 31ኛው ከ38ኛው ይሻላል ብሎ ይነሳል። ማስተርስ ሲባል ግን የምትኖረው ከደረጃው ጋር አይደለም። ከአራት ወይም አምስት መምህራን ጋር ነው። አንዱ ቴሲስህን ያማክርሃል። ስለዚህ የፕሮግራሙን ገጽ ከፍተህ ቀጥታ ወደ መምህራኑ ስም ሂድ። ባለፉት ጥቂት ዓመታት የጻፉትን እይ። ስለ አፍሪካ ቀንድ የጻፈ አለ? ካለ፣ በሚቀጥለው ዓመት እዚያው ነው ወይስ የጥናት ፈቃድ ላይ ነው? ይህን በአጭር ኢሜይል መጠየቅ ነውር አይደለም። እኔ አልጠየቅሁም ነበር። ደርሼ ስሜን ካስመዘገብኩ በኋላ ነው የተማመንኩባቸው መምህር ለአንድ ዓመት እንደሌሉ የሰማሁት። ሌላ አማካሪ ተሰጠኝ። ደግ ሰው ነበሩ፤ የሚያውቁት ግን ስለ ባልካን ነበር።

ከመምህራኑ ቀጥሎ የግዴታ ኮርሶቹን እይ። የምርጫ ኮርሶች ዝርዝር አያታልልህ። 20 የምርጫ ኮርስ ተደርድሮ በዓመቱ የሚከፈተው ስድስት ሊሆን ይችላል። የግዴታዎቹ ግን አይዋሹም። «የምርምር ዘዴ» የሚለው ስታትስቲክስ ነው ወይስ ቃለ መጠይቅ? «ንድፈ ሐሳብ» የሚለው አንድ ነው ወይስ ሦስት? ፕሮግራሙ ከአራቱ ቤቶች የየትኛው እንደሆነ እዚያ ላይ ይታወቃል።

የዓባይ ልጅ

ልጁን «አንተን እንቅልፍ የሚነሳህ ጥያቄ ምንድን ነው?» አልኩት። ስለ ሩሲያና ዩክሬን ጀመረልኝ። አቋረጥኩት። ስለ ዩክሬን የሚያውቀውን ሺህ ፈረንጅ ያውቀዋል። የአገሩ ልጅ ስለሆነ ብቻ እሱ ቀድሞ የሚያየው ነገር የለም ወይ?

ጎጃም ሦስት ጎኑን በዓባይ የታጠረ አገር ነው። ሰከላ ላይ ግሽ ዓባይ ይፈልቃል፤ ባሕር ዳር ላይ ከጣና ወጥቶ ዞሮ ዞሮ ጉባ ላይ ግድብ ይሆናል። ግብፅና እንግሊዝ በ1929፣ ግብፅና ሱዳን በ1959 ውሃውን ሲነጋገሩበት ኢትዮጵያ አልተጠራችም። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የግድቡ መሠረት ተጣለ። በ2015 ካርቱም ላይ ሦስቱ አገሮች የመርሆዎች መግለጫ ፈረሙ። የናይል የትብብር ማዕቀፍ ስምምነት ለዓመታት ሲንከባለል ቆይቶ ደቡብ ሱዳን ስድስተኛ ሆና ስታጸድቀው ጥቅምት 2024 በሥራ ላይ ዋለ። ግድቡ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። አሁን ጥያቄው ተቀይሯል። «ይገነባል ወይስ አይገነባም» አብቅቶ «በድርቅ ዓመት ስንት ይለቀቃል፣ መረጃው ለማን ይሰጣል» ላይ ደርሷል። ይህ የዓለም አቀፍ ደኅንነት ጥያቄ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?

እንዲህ ያለ ጥያቄ ከያዝክ ደግሞ ምርጫህ ይለወጣል። ለንደንም ግላስጎውም ከዝርዝሩ ሊወጡ ይችላሉ። ኔዘርላንድ፣ ዴልፍት ላይ ያለው የውሃ ትምህርት ተቋም ወደ ዝርዝሩ ይገባል፤ የውሃ ዲፕሎማሲ ያስተምራሉ። አሜሪካ ኦሪገን ስቴት ዩኒቨርሲቲ አሮን ዎልፍ ድንበር ተሻጋሪ ወንዞች ላይ የተነሱ ውዝግቦችንና ስምምነቶችን መዝግበው፣ አገሮች በውሃ ሳቢያ ከሚዋጉበት ይልቅ የሚተባበሩበት ጊዜ እንደሚበልጥ አሳይተዋል። በአገራችን የሚነገረው የ«ውሃ ጦርነት» ወሬ እዚያ ክፍል ውስጥ ተፈትኖ ይወድቃል ወይ? ለጎጃም ልጅ ይህን መጠየቅ ራሱ ደስ ይላል። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም የዓባይ ውሃን የሚያጠና ተቋም አለው፤ እዚያ ያሉ መምህራንን ሳያናግሩ ዴልፍት መጻፍ የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ነው።

ጥያቄው ዓባይ መሆን የለበትም። ስለ ግጭቱ ራሱ ሊሆን ይችላል። ግን አንድ የማይነገር ነገር አለ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ ክልሉ በውጭ መንግሥታት የጉዞ ማስጠንቀቂያ ላይ ሰፍሯል። የእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲዎች የተማሪን ጉዞና ኢንሹራንስ በአብዛኛው የሚወስኑት የመንግሥታቸውን ማስጠንቀቂያ አይተው ነው። የሥነ ምግባር ኮሚቴም አለ። ስለዚህ ደብረ ማርቆስ ተወልደህ፣ እናትህ ቤት ተቀምጠህ ጎረቤትህን ቃለ መጠይቅ ላድርግ ብትል «አደገኛ ቦታ ነው፣ አንፈቅድም» ልትባል ትችላለህ። ያስቃል። ግን የመረጃ ሰጪዎችህንም ሕይወት አስብ፤ ኮሚቴው ሁልጊዜ አልተሳሳተም። አስቀድመህ ጠይቅ፤ በስልክ ወይም በሰነድ የሚሠራ ጥናትም አዘጋጅ።

አዲስ አበባን አትናቃት

ወጣቱ የአዲስ አበባውን አማራጭ የመጨረሻ መስመር ላይ ነው የሚጽፈው፤ ሁሉም እምቢ ሲለኝ ብሎ። እኔ አልስማማም። ኢንስቲትዩቱ ከ2007 ጀምሮ አለ። የአፍሪካ ኅብረት እዚያው ከተማ ነው። 15 አባላት ያሉት የሰላምና ጸጥታ ምክር ቤት እዚያ ይሰበሰባል። የኢጋድ የግጭት ቅድመ ማስጠንቀቂያ ማዕከልም እዚያ ነው። በተባበሩት መንግሥታት ውሳኔ በ1980 ኮስታሪካ ላይ የተቋቋመው የሰላም ዩኒቨርሲቲም የአፍሪካ ፕሮግራሙን ከአዲስ አበባ ነው የሚያካሂደው። ለንደን ያለ ተማሪ በጽሑፍ የሚያነበውን አምባሳደር አንተ አዳራሽ ውስጥ ልትጠይቀው ትችላለህ። ይኸው ኢንስቲትዩት በ2012 የተጀመረውን የጣና ፎረም በጽሕፈት ቤትነት ሲያገለግል የቆየ ነው። የአፍሪካ መሪዎች ባሕር ዳር ላይ፣ ጣና ዳር ተቀምጠው ስለ አህጉሩ ጸጥታ ሲነጋገሩ፣ መንገዱ የተዘጋብን የከተማው ሰዎች በባጃጅ ዋጋ እንጨቃጨቅ ነበር።

ችግሩም ይታወቃል። መጻሕፍት እንደ ልብ አይገኙም፤ የቤት ኪራይ ያቃጥላል፤ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተናውም አለ። ሥራ ይዞ ለሚማር ሰው ግን፣ በተለይ ቤተሰብ ላለው፣ ከዚህ የተሻለ ሒሳብ አላየሁም።

ገንዘቡ

የለንደኑን ደብዳቤ በተመለከተ ብዙ አላወራም። ክፍያው ብቻውን ከ20 ሺህ ፓውንድ በላይ ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ይመራ ሲባል 57 አካባቢ የነበረው ዶላር ሳምንታት ሳይሞላው 100 ብርን አለፈ፤ ከዚያም አልተመለሰም። መሬት ሸጦ፣ ላም ሸጦ ለአንድ ዓመት ማስተርስ የሚሄድ ሰው ካለ እባካችሁ ያዙልኝ። «ቪዛህን እኔ እጨርስልሃለሁ» የሚል ኤጀንት ደግሞ ዩኒቨርሲቲው ራሱ በነፃ የሚሰጥህን ቅጽ ነው የሚሸጥልህ።

የጀርመን መንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አብዛኞቹ የትምህርት ክፍያ አይጠይቁም። ሐምቡርግ የአንድ ዓመት የሰላምና ደኅንነት ማስተርስ አላት። ግን ስኮላርሺፕ ከሌለህ ለቪዛው በዝግ ሒሳብ የምታስቀምጠው 11,904 ዩሮ ይጠበቅብሃል። ስዊድን ከ2011፣ ኖርዌይ ከ2023 ጀምሮ ከአውሮፓ ውጭ የሚመጣን ተማሪ ያስከፍላሉ። «ኖርዌይ ነፃ ነው» የሚል የድሮ ምክር አሁንም በቴሌግራም ይዞራል፤ አትስሙት።

ስለዚህ ስኮላርሺፑ ነው ፕሮግራሙን የሚመርጥልህ። ደስ አይልም፤ ግን እውነት ነው። የእንግሊዝ መንግሥት ስኮላርሺፕ የሆነው ቼቭኒንግ የሁለት ዓመት ሥራ ልምድ ወይም 2,800 ሰዓት ይጠይቃል። ሦስት ኮርስ ትመርጣለህ፤ ስትጨርስ ደግሞ አገርህ ተመልሰህ ሁለት ዓመት ትቆያለህ። ሮተሪ የሰላም ፌሎውሺፕ ወደ ኡፕሳላና ብራድፎርድ ይልካል። ካምፓላ ማከሬሬ ላይም ልምድ ላላቸው ሰዎች አጭር ፕሮግራም ከፍቷል። ኢራስመስ ሙንዱስ በወር 1,400 ዩሮ ይሰጣል፤ ፕሮግራሙ ሁለት ዓመት ስለሆነ ጊዜ አለህ። የእንግሊዙ የአንድ ዓመት ማስተርስ ግን ሩጫ ነው። መስከረም ገብተህ ቤተ መጻሕፍቱን ሳትለምደው ቴሲስ ይጠየቃል።

የማርቆስ ጣጣ

ሌላ አገር የማይገጥም፣ እዚህ ግን ብዙዎችን የጣለ ነገር አለ፤ ወረቀት። ቴምፖ ይዘህ የትም አትደርስም። ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ሲላክ ኮስት ሼሪንግህ ይጠየቃል። መንገድ ሲዘጋ ደግሞ የተማርክበት ዩኒቨርሲቲ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ ሁለት ሺህ ይሆናል። በክልሉ የሞባይል ዳታ ለወራት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ የማመልከቻ ቀን ያለፈባቸውን ልጆች አውቃለሁ። አንዷ ቃለ መጠይቋን ለማድረግ ሆቴል ተከራይታ፣ ዋይፋዩ ራሱ ሄዶባት አለቀሰች። ዩኒቨርሲቲዎች ይህን አያውቁም፤ ግን ቀድሞ ከተነገራቸው አንዳንዶቹ ቀን ያራዝማሉ። ትራንስክሪፕትህን መንገድ ሰላም በሆነበት ሳምንት አውጣ። ሪኮሜንዴሽን የሚጽፉልህን መምህራን የዩኒቨርሲቲ ኢሜይላቸው ይሠራ እንደሆነ ጠይቅ። በጂሜይል የመጣ ምስክርነት የማይቀበሉ አሉ።

ልጁ የለንደኑን ደብዳቤ ለጊዜው አስቀምጦታል። ለመጪው ዙር ቼቭኒንግና ኢራስመስን ይሞክራል፤ የአዲስ አበባውን ፈተናም ይቀመጣል። ዓባይን ይዟል። ለሁለት መምህራን ኢሜይል ጻፈ። አንዱ ዝም አሉ። ሌላኛዋ በአራተኛው ቀን መለሱለት፤ «ከማመልከትህ በፊት እነዚህን አንብብ» ብለው ስድስት ጽሑፍ ዘረዘሩ።

ትናንት ማታ ደወለልኝ። «ጋሼ፣ አምስቱን አወረድኩ። ስድስተኛው ብር ይጠይቃል። አንተ ጋ ይከፈት እንደሆነ እስኪ እየው።»

ከኋላው የአክስቴ ድምፅ ይሰማል። «መምህርቱ ያዘዙህን ነው?»